የራስን ትንሽ ፕሮግራም በድሮ ፋይል አርካይቭ ማካፈል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ ኢንተርኔት ባወራሁ ቁጥር እነዚሁ ጥያቄዎች ስለሚመጡብኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ሳትቀንሱ አንብቡት። የማወራው በብዛት ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ስላለው ጊዜ ነው፣ ጊትሀብም (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ፕሌይ ስቶርም ሳይኖር አንድ ሰው ማታ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የጻፋትን ፕሮግራም ለማያውቀው ሰው እንዴት ያደርስ ነበር የሚለውን።

ፋይል አርካይቭ ሲባል ምን ማለት ነው? ዌብሳይት ነው?

አይደለም። ዌብ ወይ አልነበረም ወይ ገና እየዳኸ ነበር። አርካይቭ ማለት በቃ አንድ ሰርቨር ላይ ያለ ትልቅ የፎልደር ክምር ነው፣ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀመጠ፣ ማንም ሰው በኤፍቲፒ (ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ማስተላለፊያ ዘዴ) ገብቶ ፋይል የሚያወርድበት። ኤፍቲፒ ራሱ በእድሜ ዌብን በ20 ዓመት ያህል ይበልጠዋል፣ የመጀመሪያውን የአሰራር ደንቡን በ1971 የጻፈው ኤምአይቲ (አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ) የነበረ አብሃይ ቡሻን የሚባል ከህንድ የመጣ ልጅ ነው (እኛ ጋ ቢሆን አባይ ተብሎ ይቀር ነበር)።

ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ቢቢኤስ የሚባል ነገር ነበር። እሱ ኢንተርኔት አይደለም፣ የአንድ ሰው ኮምፒውተር ከሞደምና ከስልክ መስመር ጋር ተያይዞ፣ ሌላው ሰው በስልክ ደውሎ የሚገባበት። የመጀመሪያውን ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ ቺካጎ ላይ በየካቲት 1978 ነው ያስጀመሩት፣ ሀሳቡ የመጣላቸው በረዶ ከተማውን ዘግቶት ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው ነው። አንድ መስመር ካለው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው፣ ሌላው "ተይዟል" እየተባለ ደጋግሞ ይደውላል። አርካይቮቹና ቢቢኤሶቹ ይመጋገቡ ነበር፣ ኢንተርኔት ያለው ሰው ካርካይቭ ያወርድና ሰፈሩ ያለ ቢቢኤስ ላይ ይጭነዋል፣ ከዛ ፕሮግራሟ በስልክ ከከተማ ከተማ ትሄዳለች።

ዋና ዋናዎቹ የትኞቹ ነበሩ?

ለዶስ ሰው (ዶስ ማለት ከዊንዶውስ በፊት ፒሲ የሚነሳበት የነበረው፣ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሰራበት ሲስተም ነው) ሲምቴል ነበር ትልቁ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ መጀመሪያ ኤምአይቲ ነበር፣ ከዛ በ1983 ኒው ሜክሲኮ በረሀ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ጦር የሚሳይል መሞከሪያ፣ ዋይት ሳንድስ ወደሚባለው ግቢ ሄደ። አስቡት እስቲ፣ ሚሳይል በሚተኮስበት ግቢ ውስጥ አንድ የዴክ 20 ኮምፒውተር ተቀምጦ፣ የሰው ልጅ "የፋይል ስም የምታሳምር ትንሽ ፕሮግራም ሰርቻለሁ" እያለ የሚልከውን ሁሉ ያስተናግዳል። ለዓመታት ያስተዳድረው የነበረው ኪት ፒተርሰን ነው። በ1993 ያ ማሽን ተዘጋ፣ ክምችቱ ግን አልጠፋም፣ ካሊፎርኒያ ያለ ዋልነት ክሪክ ሲዲሮም የሚባል ድርጅት ተቀበለው።

ሌላው ጋርቦ ነው፣ ፊንላንድ፣ ቫሳ ዩኒቨርሲቲ። እሱን ይመራ የነበረው ቲሞ ሳልሚ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ የአካውንቲንግ ፕሮፌሰር ነው! በትርፍ ጊዜው በቱርቦ ፓስካል ዩቲሊቲ እየጻፈ ያወጣ ነበር፣ የሰውን ፋይል ይቀበላል፣ የራሱንም እዛው ያስቀምጣል። እንዲህ አይነት ሰው ነው ነገሩን ያቆመው፣ ኩባንያ አይደለም።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው፦ ሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ደብልዩዩአርካይቭ የሌሎቹን ኮፒ ሁሉ ይይዝ ነበር፣ ለዊንዶውስ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሲካ፣ ለማክ ስታንፎርድ የነበረው ኢንፎማክ፣ ለኦኤስ2 (የአይቢኤም ሲስተም) ኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሆብስ፣ አሚጋ ለሚባለው ኮምፒውተር ደግሞ በ1992 ስዊዘርላንድ ያሉ ተማሪዎች የጀመሩት አሚኔት። ቴክ በሚባለው የጽሁፍ ማቀናበሪያ የሚሰሩ ሰዎች ሲታን አላቸው፣ ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉት ከ1995 ጀምሮ ሲፓን።

ሰዎች ምን አይነት ፕሮግራም ነበር የሚያካፍሉት?

ትንንሽ ነገር። ጥያቄው "ትንሽ ነገር ለምን ይህን ያህል ተፈላጊ ሆነ" ከሆነ መልሱ ዶስ ራሱ ባዶ ቤት ስለነበረ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ የሚያዛውር ትእዛዝ ማይክሮሶፍት ዶስ ውስጥ የገባው በስሪት 6 ነው፣ 1993 ማለት ነው። ከዛ በፊት ኮፒ አድርገህ ዋናውን ታጠፋለህ፣ ኮፒው በትክክል መሄዱን ሳታይ አጥፍተህ ከሆነ አለቀልህ። በስህተት ያጠፋኸውን መመለሻ የመጣው ደግሞ በስሪት 5፣ በ1991 ነው። ባች ፋይል (ትእዛዞችን በተራ የያዘ ፋይል) ውስጥ "አዎ ወይስ አይ" ብሎ ተጠቃሚውን መጠየቅ እንኳን እስከ ስሪት 6 አይቻልም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራመር የራሱን ማዛወሪያ፣ የራሱን መጠየቂያ፣ የራሱን የፋይል ማሳያ ይጽፋል፣ ከዛ "እኔን የቸገረኝ ሌላውንም ይቸግረዋል" ብሎ ይለቀዋል። አርካይቮቹ ውስጥ ፋይል ዘርዝሮ በቀለም የሚያሳይ ፕሮግራም ስንት እንዳለ ብትቆጥሩ ትደክማላችሁ።

መጠናቸው ስንት እንደሆነ ለማይገምት፣ አብዛኛው ጥቂት ኪሎባይት ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለ አንድ ፎቶ ውስጥ መቶዎቹ ይገባሉ።

እሺ፣ እኔ ፕሮግራም ጻፍኩ እንበል። እንዴት ነው አርካይቭ ላይ የማስገባው?

እዚህ ላይ ነው ትንሽ የምቆየው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ከባዱ ኮዱ ይመስለዋል። ከባዱ ኮዱ አልነበረም።

መጀመሪያ ስም ታወጣለህ። ዶስ የሚፈቅደው 8 ፊደል ስም፣ ነጥብ፣ 3 ፊደል መጨረሻ ነው፣ በዛች 8 ቦታ ውስጥ ደግሞ የስሪት ቁጥሩንም መጨመር አለብህ፣ ስለዚህ ለስሙ የሚቀርህ አምስት ፊደል ምናምን ነው። ዚፕ ማድረጊያው ፕሮግራም ፒኬዚፕ ራሱ ስሪት 1.10 ሲወጣ ፒኬዜድ110 ነው የተባለው፣ 2.04ጂ ሲወጣ ፒኬዜድ204ጂ። ቁጥሩን ካልጨመርክ አዲሱ አሮጌውን ሊደርብበት ይችላል፣ ወይ ሰው የትኛውን እንዳወረደ አያውቅም።

ከዛ ሁሉንም አንድ ላይ ዚፕ ታደርጋለህ፣ ፕሮግራሙን፣ ማኑዋሉን፣ "መጀመሪያ እኔን አንብብ" የሚል ሪድሚ፣ የምዝገባ ፎርም ካለ እሱንም። ከነዚህ በተጨማሪ ፋይል አይዲ ዲዝ የሚባል አንድ ትንሽ የጽሁፍ ፋይል ትከታለህ። ይሄ ከቢቢኤስ አለም የመጣ ነው፣ የቢቢኤሱ ሶፍትዌር ዚፑን ከፍቶ ከውስጡ ያነበዋል፣ ያገኘውን ዝርዝሩ ላይ ለሰው ያሳያል። ህጉ እስከ 10 መስመር፣ እያንዳንዱ መስመር እስከ 45 ፊደል። በቃ ይሄው ነው የሱቅህ መስኮት። ሰውየው በደቂቃ እየከፈለ በስልክ መስመር ላይ ነው፣ ስክሪን ሾት የለም፣ ቪዲዮ የለም፣ ኮከብና ኮሜንት የለም፣ ያንተን ሁለት ሶስት መስመር አይቶ ነው ደቂቃዎቹን ዳውንሎድ ላይ ላጥፋ አላጥፋ የሚለውን የሚወስነው። "ምርጥ ዩቲሊቲ፣ ሞክሩት!" ብሎ የጻፈ ሰው ፕሮግራሙ ምን ቢያምር ማንም አያወርድለትም።

አሚኔት ደግሞ ከሁሉም ጥብቅ ነበር። እያንዳንዱ ፋይል ከጎኑ ሪድሚ ሊኖረው ግድ ነው፣ አናቱ ላይም አጭር መግለጫ፣ የላከው ሰው፣ የሚገባበት ፎልደር አይነት ምናምን የሚሉ መስመሮች አሉት። አጭር መግለጫው 40 ፊደል ናት። 40! እስቲ የሰራችሁትን ነገር በ40 ፊደል ግለጹት፣ ሞክሩት አሁን። እኔ ሞክሬ አስር ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያውም የገባኝ ፕሮግራሜ ሁለት የማይገናኙ ስራዎች እንደሚሰራ ነው፣ ለሁለት ከፈልኩት።

ይሄን ሁሉ ከጨረስክ በኤፍቲፒ ገብተህ "ኢንካሚንግ" የሚባል ፎልደር ውስጥ ትጥለዋለህ። ብዙ ቦታ እዚህ ፎልደር ውስጥ መጣል እንጂ ማንበብ አይቻልም፣ የሰጠኸውን ራስህም መልሰህ አታወርደውም። ምክንያቱ የተሰረቀ ሶፍትዌር የሚለዋወጡ ልጆች ናቸው፣ ማንም የሚጽፍበትና ማንም የሚያነብበት ፎልደር ካገኙ ሌሊቱን ሞልተውት ያድራሉ። ከጣልክ በኋላ ለአስተዳዳሪው ኢሜይል ትጽፋለህ፣ "እንዲህ የሚባል ፋይል ጥያለሁ፣ እንዲህ ይሰራል፣ እዚህ ፎልደር ቢገባ"። ከዛ መጠበቅ ነው። ሰው ነው የሚያየው፣ ማሽን አይደለም፣ ሰውየው ደግሞ የቀን ስራ አለው።

ዛሬ ቴሌግራም ላይ "ፋይናል 2 አዲሱ" የሚል ስም ያለው ኤፒኬ (የአንድሮይድ ፕሮግራም ፋይል) ያለምንም ቃል ወርውሮ "ማንም አልሞከረልኝም" የሚል ልጅ ሳይ ይሄን ሁሉ ነው የማስበው።

ለምን ሁሉም ነገር ዚፕ ሆነ?

ከዚፕ በፊት አርክ የሚባል ፋይል ማሸጊያ ነበር። ኤስ ኢ ኤ የሚባል የአሜሪካ ትንሽ ድርጅት በ1985 ያወጣው፣ ቢቢኤሱ ሁሉ በሱ ነበር የሚጠቀመው። ሶርስ ኮዱንም ለቀቁት። ፊል ካትዝ የሚባል ሚልዋኪ ያለ ፕሮግራመር መጣና ኮዱን ይዞ በአሴምብሊ (ለማሽኑ በጣም በሚቀርብ ቋንቋ) እንደገና ጻፈው፣ በጣም ፈጣን ሆነ፣ ፒኬአርክ ብሎ መሸጥ ጀመረ። በ1988 ተካሰሱ፣ በዛው ዓመትም በስምምነት አለቀ፣ ካትዝ ከዚያ በኋላ አርክን መጠቀም ስለማይችል አዲስ ፎርማት ሰርቶ በ1989 ፒኬዚፕን አወጣ፣ ፎርማቱንም ማንም እንዲጠቀምበት ዘርዝሮ በነጻ ለቀቀው። የቢቢኤስ ሰው በሙሉ "ትልቁ ድርጅት ትንሹን ልጅ አጠቃው" ብሎ አርክን ጥሎ ወጣ።

እኔ ግን እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር ከህዝቡ ጋ አልስማማም። ድርጅቱ ትልቅ አልነበረም፣ የቤተሰብ ነገር ነው፣ ኮዱ ሲመረመር ደግሞ ካትዝ ኮሜንቱን ከነስፔሊንግ ስህተቱ ነው የወሰደው። ሆኖም ፎርማቱን ክፍት ማድረጉ ትልቅ ስራ ነው፣ ዛሬ የምንልከው ዶክመንት፣ ኤፒኬም ጭምር፣ ውስጡ ዚፕ ነው። ካትዝ በ2000 በ37 ዓመቱ ሞተ፣ መጠጥ ነው የጎዳው።

ዳውንሎድ ማድረግ ምን ያህል ከባድ ነበር?

መግባቱ ቀላል ነው። ስም ሲጠይቅህ "አኖኒመስ" ትላለህ፣ ፓስወርድ ሲጠይቅህ ኢሜይልህን ትጽፋለህ፣ ይሄ የጨዋ ደንብ ነው እንጂ ብዙ ቦታ ማንም አያጣራም። ከዛ ፎልደር ፎልደር እየገባህ ትሄዳለህ፣ ቀድሞ የሚወርደው ዝርዝሩን የያዘው ኢንዴክስ ፋይል ነው።

ሁሉንም ሰው አንዴ የሚያቃጥል ነገር ነበረ፦ ኤፍቲፒ ሁለት ሙድ አለው፣ የጽሁፍና የባይነሪ። ባይነሪ ማለትን ከረሳህ ፕሮግራሙ ዚፑን ጽሁፍ ነው ብሎ የመስመር መጨረሻዎችን እየለዋወጠ ያወርድልሃል፣ መጠኑ ትክክል ይመስላል፣ ስትከፍተው ተበላሽቷል ይላል። እንደገና ከመጀመሪያው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ 2400 ሞደም ካለህ በሰከንድ 240 ባይት አካባቢ ነው የምታገኘው፣ አንድ የ360 ኪሎባይት ፍሎፒ ሙሉ ለማውረድ ከ25 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ሊወርድ ሲል ፋይሉ ያልቃል፣ ያውም ቤት ውስጥ ማንም ስልኩን ካላነሳው። ስልኩ ከተነሳ ተቆረጠ። በ1986 የመጣው ዜድሞደም ፕሮቶኮል ካቆመበት መቀጠል ስለሚችል ነው ሰው እንደዛ የወደደው።

ጉግል ሳይኖር ፋይሉ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

አርቺ። በ1990 ሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለን ኤምቴጅ የሚባል ከባርቤዶስ የመጣ ተማሪ ነው የሰራው፣ ኢንተርኔት ላይ የመጀመሪያው ሰርች ኢንጂን የሚባለው እሱ ነው። ጥቁር ሰው የካሪቢያን ልጅ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ስለዚህ በየአጋጣሚው እናገራለሁ። አርቺ በየጊዜው ኤፍቲፒ ሰርቨሮቹን እየዞረ የፋይል ዝርዝራቸውን ይሰበስባል፣ አንተ ስም ስትሰጠው የት የት እንዳለ ይነግርሃል።

ግን የሚፈልገው በፋይል ስም ብቻ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ያቺ 8 ፊደል ስም ለምን እንደምታስጨንቅ አሁን ገባችሁ? ፕሮግራምህን "ፒአርጂ1" ካልከው ለአርቺ የለህም።

ኢንተርኔት የሌለው፣ ኢሜይል ብቻ ያለው ሰውስ?

እሱም መንገድ ነበረው፣ ኤፍቲፒሜይል ይባላል። ትእዛዞቹን በኢሜይል ትጽፍና ትልካለህ፣ "እዚህ ሰርቨር ግባ፣ እዚህ ፎልደር ሂድ፣ ይሄን ፋይል አምጣ"፣ ሌላ ቦታ ያለ ማሽን ባንተ ፈንታ ገብቶ ያወርድና በኢሜይል ይልክልሃል። የዴክ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ላይ አንድ የታወቀ ነበረው። ኢሜይል ግን ያኔ ጽሁፍ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ስለዚህ ፋይሉ ዩዩኢንኮድ በሚባል ዘዴ ወደ ፊደል ይቀየራል፣ ሶስት ባይት አራት ፊደል ይሆናል፣ መጠኑ ሲሶ ያህልና ከዛም በላይ ይጨምራል፣ ከዛ ቁርጥራጭ ይደረግና በብዙ ኢሜይል ይመጣል። 14 ቁራጭ ጠብቀህ 9ኛው ካልመጣ ሁሉም ከንቱ ነው። ሲደርሱ በቅደም ተከተል ሰፍተህ፣ የኢሜይል አናቱን እየቆረጥክ፣ መልሰህ ትቀይራለህ።

ይሄ ለኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የገባው በ1997 ነው፣ ከዛ በፊት አዲስ አበባ ላይ የነበረው ኢሜይል ብቻ ነው፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል በፊዶኔት (ቢቢኤሶች በስልክ እየተደዋወሉ መልእክት የሚለዋወጡበት ኔትወርክ) ቴክኖሎጂ ያንቀሳቅሰው የነበረው። መልእክቱ ይጠራቀምና በአለም አቀፍ ስልክ ተደውሎ በአንዴ ይላካል፣ ይመጣል። በዛ አይነት መስመር ላይ እያንዳንዱ ኪሎባይት የውጭ ስልክ ሂሳብ ነው። አርካይቭ ላይ ያለ ሰው ፕሮግራሙን 40 ኪሎባይት አድርጎ ማሳነሱ ወይም የማይረባ ፋይል አብሮ አለመክተቱ ለዚህ አይነት ሰው ውለታ ነበር፣ ላኪው ግን ማን እንደሚያወርደው በህልሙም አያውቅ።

ገንዘብ ያገኙበት ነበር ወይስ በነጻ ነው?

ሁለቱም። በነጻ የሚለቁ ብዙ ነበሩ፣ ፖስትካርድ ብቻ ላኩልኝ የሚሉም ነበሩ፣ ቀልድ አይደለም፣ ፕሮግራሙን ከወደድከው ካለህበት ከተማ ፖስትካርድ ትልካለህ። ገንዘብ የሚጠይቀው ሼርዌር ይባላል፣ "ሞክረው፣ ለጓደኛህም ስጠው፣ ከተጠቀምክበት ክፈለኝ"። በ1982 ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት ጀመሩት፣ አንድሪው ፍሉገልማን ፒሲቶክ በሚባል የሞደም ፕሮግራም፣ ጂም ናፍ ደግሞ ፒሲፋይል በሚባል ዳታቤዝ። ናፍ 10 ዶላር ነበር የጠየቀው፣ ፍሉገልማን 25። ፍሉገልማን "ፍሪዌር" የሚለውን ቃል ስላስመዘገበው ሌላው ሰው ሊጠቀምበት አልቻለም፣ ከማይክሮሶፍት የወጣው ቦብ ዋላስ በ1983 ፒሲራይትን ሲለቅ ሼርዌር አለው፣ ቃሉ የቀረው በዛው ነው። ዋላስ አንድ ብልሃት ነበረው፣ ከተመዘገብክ ኮፒህ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ካንተ ኮፒ የወሰደ ሰው ተመዝግቦ ከከፈለ 25 ዶላር ለአንተ ይመጣል። ዛሬ ሪፈራል የምትሉት።

አብዛኛው ሰው ግን አልከፈለም። ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። የከፈለው ደግሞ ቼክ ኤንቨሎፕ ውስጥ አድርጎ በፖስታ ነው የሚልከው፣ አዲሱን ስሪት በፍሎፒ በፖስታ ይቀበላል።

ቫይረስ አልነበረም?

እንዴ፣ ሞልቶ! የማክአፊ ቫይረስ መፈተሻ ራሱ ታዋቂ የሆነው በቢቢኤስ እየተዛመተ ነው፣ ቫይረሱም መድሃኒቱም በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። በጣም የሚታወቀው ማጭበርበሪያ በ1995 የመጣው ፒኬዜድ300 ነው፣ የፒኬዚፕ አዲስ ስሪት መስሎ፣ ግን ዲስክህን የሚያጠፋ። የካትዝ ድርጅት ፒኬዌር "ይሄ የኛ አይደለም" ብሎ ሊያስጠነቅቅ ተገደደ። ስሪት 3 የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበረም፣ ሰው ግን የስሪት ቁጥር ከፍ ብሎ ሲያይ እጁ ይበላዋል።

አስተዳዳሪ ያለው አርካይቭ ከቢቢኤስ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፣ ፋይሉ ለህዝብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ሰው ከፍቶ አይቶታል፣ ቢያንስ ፈትሾታል። መቶ በመቶ አይደለም፣ ግን ሰው አለ። መዘግየቱን የሚያማርሩ ነበሩ፣ እኔ ብጠየቅ ሶስት ቀን መጠበቁን እመርጣለሁ።

ሲዲዎቹስ ምንድን ናቸው?

ዋልነት ክሪክ ሲዲሮም በ1991 ተቋቁሞ የነዚህን አርካይቮች ይዘት በሲዲ እያሳተመ መሸጥ ጀመረ። አንድ ሲዲ 600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፣ ያን በ2400 ሞደም አወርዳለሁ ብትል ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ አንድ ወር ያህል ነው። እኔ ራሴ የተዋወቅኩት በዚህ በኩል ነው፣ አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ ሲመጣ ለአጎቴ ያመጣለት ሲዲ ነበር፣ አጎቴ ጨዋታ ፈልጎ ከፍቶ ሲሰለቸው ለኔ ጣለልኝ። ምንም አልገባኝም ነበር፣ ግን እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ የፋይል ስምና ከጎኑ አንድ መስመር መግለጫ የያዘ ዝርዝር ነበር፣ እሱን እንደ ልብወለድ አነበው ነበር። የፊንላንድ አካውንታንት፣ የቴክሳስ ጡረተኛ፣ የጀርመን ተማሪ፣ እያንዳንዱ በአንድ መስመር "እኔ ይሄን ሰራሁ" ሲል። እንግሊዝኛዬ ግማሹ ከዛ ነው የመጣው፣ ስለዚህ አጻጻፌ አጭር ነው ብላችሁ አትውቀሱኝ (ይሄን ጽሁፍ ሳይጨምር)።

አማርኛ ሶፍትዌርስ በዚህ መንገድ ተካፍሏል?

አዎ፣ ሲታን ላይ እስካሁን አለ፣ ኢትዮፕ የሚባል በላቴክ (በቴክ ላይ የተሰራ ነው) በግእዝ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል ፓኬጅ፣ በነጻ፣ ከነማኑዋሉ። አብዛኛው የአማርኛ ፕሮግራም ግን የሚሸጥ ነበር፣ ትልቁ ችግር ደግሞ ገንዘቡ አይደለም፣ የፊደሉ ኮድ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደሚቀመጥ። የአንድ ፎንት ቦታ 256 ነው፣ ያውም ግማሹ በእንግሊዝኛ የተያዘ፣ የኛ ፊደል ከነዲቃላው ከነቁጥሩ ከ300 ያልፋል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰሪ በየራሱ መንገድ ፊደሉን ለሁለት ለሶስት ፎንት እየከፋፈለ አስቀመጠው። ባንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርምስምስ ነው። ፕሮግራምህን አርካይቭ ላይ ብታስቀምጥ እንኳን በሱ የተጻፈውን የሚያነበው ያንተን ፎንት የጫነ ብቻ ነው።

ለዚህ መላ ከተባሉት አንዱ ሴራ ነው፣ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የሰሩበት፣ አማርኛን በተራ የእንግሊዝኛ ፊደል በቋሚ ህግ የመጻፍ ዘዴ፣ ትንሿ ቲ "ተ" ስትሆን ትልቋ ቲ "ጠ" ናት። በኢሜይል ያለምንም ፎንት ያልፋል፣ ፕሮግራም ደግሞ መልሶ ወደ ፊደል ይቀይረዋል። በ1999 ዩኒኮድ (ለአለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ስርአት) 3.0 የኢትዮፒክ ፊደልን ሲያስገባ ነው ነገሩ መስመር የያዘው። ይሄን የምታነቡት በሱ ነው።

ታዲያ ለምን ጠፉ?

ዌብ መጣ፣ ሰው የራሱን ገጽ ከፍቶ ፕሮግራሙን እዛው ማስቀመጥ ቻለ፣ ከዛ ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጾቹ መጡ፣ ሶርስፎርጅ በ1999፣ ጊትሀብ በ2008። አስተዳዳሪዎቹም አረጁ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም "ይሄ ማሽን የማነው" ማለት ጀመሩ። ሲምቴል በ2013 ተዘጋ። ሆብስ እስከ 2024 ቆይቶ ነው የተዘጋው፣ ኦኤስ2ን ማን ይጠቀማል ትሉ ይሆናል፣ እኔም እንደዛው፣ ግን ሰላሳ ዓመት የቆየ ፎልደር ሲዘጋ ይከብዳል። ሁሉም ግን አልጠፉም፣ አሚኔት እስካሁን ፋይል ይቀበላል፣ ሲታንና ሲፓን ደግሞ በየቀኑ ይሰራሉ። የሲዲዎቹን ቅጂ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ታገኛላችሁ።

ከነዚህ ሲዲዎች ላይ አንድ ፕሮግራም ባገኝ አሁን ማስነሳት ይቻላል?

ይቻላል። ዶስቦክስ ጫኑ፣ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ እንደ ድሮ ዶስ የሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ ነጻ ነው፣ ዚፑን አንድ ፎልደር ውስጥ ፍቱትና ያንን ፎልደር እንደ ድራይቭ ስጡት። ስልክ ላይም የሚሰራ አለ። ማኑዋሉን በዛሬ ኤዲተር ከከፈታችሁት የጠረጴዛ መስመር የነበረው ቦታ እንግዳ ፊደል ይሞላል፣ ፋይሉ አልተበላሸም፣ የዛን ጊዜው የፊደል ሰንጠረዥ (ኮድ ፔጅ) 437 ስለሆነ ነው፣ ኤዲተሩ ላይ እሱን ምረጡ። መጀመሪያ ሪድሚውን አንብቡ፣ መቼም ሰውየው ለፍቶበታል። መጨረሻ ላይ የምዝገባ ፎርም ካያችሁ ግን 15 ዶላር ኤንቨሎፕ ውስጥ አድርጋችሁ እንዳትልኩ፣ እዛ አድራሻ ላይ አሁን ማን እንደሚኖር አይታወቅም።